ሾላ ሳንቃውን እስኪሻገር

ኮተቤ፣ በሁዳዴ ጾም፣ የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ረፋድ፤ ከሹፍርና ጡረታ የወጣው ገረመውና ባለቤቱ አስካለ፣ በጎማ፣ በበርሜልና በሳንቃ የተሞላ ግቢያቸው ውስጥ፣ ሾላ የሚባለውን ውሻቸውን መሃል አድርገው ይከራከራሉ።

ገረመው፦ እስከ ፋሲካ ብቻ ታገሽኝ፣ አስካልዬ።

አስካለ፦ «አስካልዬ» መጣች! ጭንቅ ሲይዝህ ነው ስሜ የሚረዝመው።

ገረመው፦ ፋሲካ እኮ ደርሷል።

አስካለ፦ የገና ሰሞን እስከ ጥምቀት አልከኝ። ጥምቀት ሲያልፍ እስከ ቅበላ አልከኝ። በቅበላ ዕለት ደግሞ ወንድሜ ለገሰ ባለበት፣ በገዛ አፍህ፣ «ሆሳዕና ሳይደርስ መሰናክሉን ሁሉ ያለ ገመድ፣ እኔ ስጠራው ብቻ ካላለፈ ይውሰደው» አልክ። አስገድጄህ ነው?

ገረመው፦ ጠጅ ጠጥቼ ነበር።

አስካለ፦ ለገሰም ጠጥቶ ነበር፤ እሱ ግን አልረሳም። ይኸው ዛሬ ፒክአፑን ይዞ ይመጣል። ሰንሰለቱን ገዝቶ፣ የውሻ ቤቱን አሠርቶ ጨርሷል።

ገረመው፦ ሰንሰለት! ቀን አስሮት ሊውል ነው እኮ።

አስካለ፦ መጋዘን ነው የሚጠብቀው፤ ምን ሊያደርግለት ነበር፣ ሶፋ ላይ ሊያስቀምጠው?

ገረመው፦ ሾላ የመጋዘን ውሻ አይደለም። ሰው ይወዳል።

አስካለ፦ እሱስ ልክ ነህ። ሌባ ጋቢህን ከልብስ ማስጫው ላይ አውርዶ ሲሄድ፣ ጅራቱን እየቆላ እስከ በር የሸኘ ውሻ ነው። ጎረቤታችን ዘይነባ በአጥሩ አሻግራ አይታ፣ «እንግዳችሁ ምሳ ሳይበላ ሄደ?» ብላኛለች።

ገረመው፦ ያ ጋቢ ድሮም አርጅቶ ነበር።

አስካለ፦ እናቴ የፈተለችው ጋቢ!

ገረመው፦ እሺ፣ እሱን ተይው።

አስካለ፦ ለገሰማ «ሰንሰለት ላይ ከከረመ ይከፋል፣ ሲከፋ ጥሩ ጠባቂ ይወጣዋል» ይላል።

ገረመው፦ ይሄንን ነው የፈራሁት። ክፋት ማስተማር ምን ያቅታል? አስረሽ መተው ነው። ይሄ ውሻ ግን ያንን በርሜል አይቶ ለመግባት እንዴት እንደፈራ ረሳሽ? ሁለቱንም አፉን ቆርጬ፣ ውስጡን ቀብቼ፣ በደጁ ተጋድሜ ነው የጠበቅኩት።

አስካለ፦ እንዴት እረሳለሁ? ጎረቤት ሁሉ ባሏ በርሜል ሥር ወድቆ ተገኘ ብሎ ሲሮጥ መጣ።

ገረመው፦ ግን በስተመጨረሻ ገባ! ማንም ሳይገፋው፣ ማንም ሳይጎትተው። እኔ የማሽከረክርላት የነበረችው ሴትዮ ውሾቿን እንደዚያ ነበር የምታሠለጥነው። መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳይ እውል ነበር። አንድ ቀን እንኳ ጮኻ አታውቅም። ውሻው ካልፈለገ ሣሩ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀዋለች።

አስካለ፦ እሷ ሣር አላት። እኔ ያለኝ የጎመን መደብ ነው፤ እሱንም ሁለታችሁ ጨፈለቃችሁት።

ገረመው፦ የሚዘለውን ዱላስ? መጀመሪያ መሬት ላይ ነበር ያስቀመጥኩለት። ከዚያ በጣት ውፍረት ከፍ፣ ደግሞ ትንሽ ከፍ…

አስካለ፦ በዚህ አያያዝህ የኔ ተዝካር ከወጣ በኋላ ነው አጥር የሚዘለው። እኔ የምለው፣ ይሄ ሁሉ ትዕግሥት እኔን ስታገባ የት ሄዶ ነበር? ባየኸኝ በሳምንቱ አይደል ሽማግሌ የላክኸው?

ገረመው፦ ያኔ መሰናክሉ አባትሽ ነበሩ። እሳቸው ደግሞ ቀስ ተብለው የሚታለፉ ሰው አልነበሩም።

አስካለ፦ ምን አደረጉህ አባቴ? ሽማግሌዎችህን ጠላ አጠጥተው ነው የሸኟቸው።

ገረመው፦ ሦስቴ ነዋ ያጠጧቸው! አንደኛው ሽማግሌ ከመልስሽ ይልቅ ጠላው እየናፈቀው ነበር የሚሄደው።

አስካለ፦ በል አታስቀኝ። ለገሰ ሊደርስ ነው። ታሳየኛለህ ወይስ ገመዱን ላምጣ?

ገረመው፦ አሳይሻለሁ። ግን ዝም ብለሽ ቁሚ፤ አትሳሺ፣ አትሳቂ፣ «ቶሎ በል» አትበዪው።

አስካለ፦ ቅዳሴ ውስጥ ያለሁ መሰለኝ።

ገረመው፦ ሾላ! ና የኔ አንበሳ። ዱላውን ታያለህ? በል እስኪ… ሆፕ! ጎሽ! ጎሽ የኔ ልጅ! አየሽ?

አስካለ፦ ጉልበቴን የማይደርስ ዱላ! እኔም ነጠላዬን ሰብስቤ እዘለዋለሁ።

ገረመው፦ ዝለዪው እስኪ! … ተይ ተይ፣ ቀልዴን ነው። ሾላ፣ ወደ በርሜሉ። ግባ። ግባ እንጂ… እ? እንዴት ነው ታዲያ! ገብቶ ወጣ!

አስካለ፦ መሃል ላይ ምን ሲያደርግ ቆየ?

ገረመው፦ እያሰበ ነበር።

አስካለ፦ ተኝቶ ነው እንጂ።

ገረመው፦ ቀጥል ሾላ፣ ጎማው ውስጥ… ሆፕ! አቤት አዘላለል! በል አሁን በእንጨቶቹ መሃል ተጠማዘዝ። ቀኝ… ግራ… ቀኝ… ዛሬማ ተሳክቶልሃል።

አስካለ፦ አንዱን እንጨት ትቶ አለፈ።

ገረመው፦ አልተወውም።

አስካለ፦ ዓይኔ እያየ!

ገረመው፦ ቆሞ አሸተተው፣ ከዚያ አለፈ። ማሽተት ማለፍ ነው።

አስካለ፦ እሺ፣ ይሁን፤ ዳኛዋ ሴት ስለሆነች አዘነችልህ። ሳንቃው ቀርቷል። የቢራ ሳጥኖቹ ላይ የዘረጋኸው ሳንቃ፣ ከጥምቀት ወዲህ የሚያስለቅስህ።

ገረመው፦ አላስለቀሰኝም። ሾላ፣ ና። ውጣ። ቀስ ብለህ፣ አንድ እግር… ሌላ እግር… አትቸኩል፣ የኔ ጌታ። ና ወደ እኔ።

አስካለ፦ ቁጭ አለ።

ገረመው፦ እያረፈ ነው። ና ሾላ፣ ይኸው፣ እጄ ላይ ምን እንዳለ እየው።

አስካለ፦ ምን አለ እጅህ ላይ?

ገረመው፦ ሽምብራ።

አስካለ፦ ቆሎ! አሁንም ቆሎ! ገረመው፣ ውሻ ያስጾመ ሰው ከአንተ በፊት አልሰማሁም፤ ከአንተም በኋላ አልሰማም።

ገረመው፦ ቤቱ ጾመኛ ነው። ሥጋ ቤቱ ዝግ ነው። እኔ በዚህ በሁዳዴ ምድር ሥጋ በኪሴ ይዤ ልዙር? ሰው ምን ይለኛል?

አስካለ፦ ውሻ አጥምቆ ያቆረበው ማን ነው? ከጥምቀት እስከ ቅበላ በሥጋ ሲሠራ ከሳንቃው በቀር ሁሉን ይዘል ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ቆሎ ሰጠኸው፣ አመፀ። ደሞዝ የለመደን ሠራተኛ ብትከለክለው ይሠራልሃል?

ገረመው፦ ጾሙ ግን ተስማምቶታል። እስኪ እይው፣ ምንም አልከሳም። እንዲያውም ፀጉሩ አብረቅርቋል፣ ጎኑ ሞልቷል። በሽምብራ እንዲህ የሚወፍር ውሻ አይቼ አላውቅም።

አስካለ፦ እ… አንዳንዱ አጥንቱ ነው።

ገረመው፦ ምኑ?

አስካለ፦ አፈጣጠሩ ነው ማለቴ ነው። በል ጥራው፣ ሰዓቱ ሄደ።

ገረመው፦ እሱ በራሱ ጊዜ ይመጣል። እኔ አልጠራም፤ እቀመጣለሁ።

አስካለ፦ እንዴት ነው የምትቀመጠው? ለገሰ መንገድ ላይ ነው!

ገረመው፦ ይምጣ። ሾላ እዚያ ሳንቃ አፍ ላይ ይቀመጥ፣ እኔም እዚህ እቀመጥ። ማን ቀድሞ እንደሚሰለቸው እናያለን።

አስካለ፦ እኔ ነኛ ቀድሜ የሚሰለቸኝ! ልቤን አወለቃችሁት እኮ! አንተ ሾላ ደግሞ ምን ይገትርሃል? በል ተነሥ፣ ና ወዲህ! ና! ሆፕ ሆፕ ሆፕ!

ገረመው፦ ተሻገረ።

አስካለ፦ አየሁ።

ገረመው፦ ሮጦ ነው የተሻገረው። ከዳር እስከ ዳር። እግሩ ሳይንቀጠቀጥ።

አስካለ፦ እሰይ! በቃ፣ እንኳን ደስ አለህ።

ገረመው፦ ወደ አንቺ ነው የሮጠው።

አስካለ፦ ስጮህበት ደንግጦ ነው።

ገረመው፦ የደነገጠ ውሻ ተሻግሮ ሲያበቃ ቁጭ ብሎ የሽርጥሽን ኪስ አያይም።

አስካለ፦ ሽንኩርት ስከትፍ ነበር፤ እሱ ሸቶት ነው።

ገረመው፦ ውሻ ሽንኩርት ሲሸተው ምራቁን ያዝረበርባል? ኪስሽን አሳዪኝ።

አስካለ፦ ገረመው፣ እኔ ሚስትህ ነኝ፣ ኬላ ላይ የያዝከኝ ኮንትሮባንድ አይደለሁም።

ገረመው፦ አስካለ፣ ኪስሽን።

አስካለ፦ እንካ። ደስ ይበልህ።

ገረመው፦ ሥጋ!

አስካለ፦ ድምፅህን ቀንስ።

ገረመው፦ በሁዳዴ! በእኔ ግቢ! በሽርጥ ኪስ!

አስካለ፦ ቁርጥራጭ ነው፤ ጅማት ነው። ዘይነባ ቤት ሁዳዴ የለም። የተረፋትን ቀቅላ በላስቲክ ጠቅልላ በአጥሩ ታቀብለኛለች። እኔ ላልቀምሰው፣ እጄን በሳሙና ታጥቤ ነው ወጥህን የምሠራው፣ ለገሰ ይሙት!

ገረመው፦ ዘይነባም ታውቃለች ማለት ነው! መቼ ነው ይሄ የሚሆነው? እኔ ከዚህ ግቢ የምወጣው ኪዳን ለመሳለም ብቻ ነው… ኪዳን ስሄድ! «ጉልበቴን አመመኝ፣ አንተ ሂድና ለእኔም ጸልይልኝ» የምትይው!

አስካለ፦ ጉልበቴንማ ያመኛል። እስኪ አንተ ከውሻ ጋር ስትሮጥ ዋልና አያምህ እንደሆነ አያለሁ።

ገረመው፦ እኔ እኮ ለዚያ ጉልበት ስለት ተስያለሁ! ጃንጥላ አስገባለሁ ብያለሁ!

አስካለ፦ ታዲያ አስገባ፤ ድኖልኛል።

ገረመው፦ እኔ ስመለስ ምላሱን አውጥቶ ጥላ ሥር ተዘርሮ የማገኘው ለካ ሥራ ውሎ ነው! እኔ ደግሞ ጾም አደከመው ብዬ እያዘንኩ ሽምብራ እጨምርለት ነበር።

አስካለ፦ ሽምብራውን ማን እንደሚበላው ልንገርህ? የዘይነባ ዶሮዎች።

ገረመው፦ ለንስሐ አባትሽ ምን ልትያቸው ነው?

አስካለ፦ «አባ፣ ባሌ ውሻውን ቢያስጾመው እኔ አስገደፍኩት» እላቸዋለሁ። ይስቁና ስግደት ያዙኛል። እሰግዳለሁ፤ ጉልበቴ ድኗል ብዬሃለሁ።

ገረመው፦ አትቀልጂብኝ። ለምን? አንቺ አይደለሽም እንዴ ይሂድልኝ ያልሽው? ለገሰን የጠራሽው አንቺ፣ ውሻውን በስርቆሽ የምታሠለጥኚው አንቺ!

አስካለ፦ የጠራሁትማ ተናድጄ ነው። ያን ቀን ጎመኔን ከሥሩ ነቅላችሁ፣ አንተ ደግሞ «አየሽ እንዴት እንደዘለለ!» ብለህ ስታጨበጭብ ደሜ ፈላ። ደወልኩለት። ሲነጋ ንዴቱ ወጣልኝ፤ ግን ለገሰ የውሻ ቤት ማሠሪያ ቆርቆሮ ገዝቶ ጠበቀኝ። ቃሌን ማጠፍ እንዴት እንደሚከብደኝ ታውቃለህ። ታናሽ ወንድሜ ፊት ቀለብላባ መባል ሞቴ ነው።

ገረመው፦ እና ካለፈ፣ ቃልሽ ሳይታጠፍ ሾላ ይቀርልኛል ብለሽ ነው?

አስካለ፦ ምን ላድርግ? በየማለዳው ሳንቃው ዳር ተንበርክከህ ቆሎ ይዘህ ስትለምነው በመስኮት አይሃለሁ። አንጀቴን በላኸው።

ገረመው፦ ልመና አይደለም፤ ሥልጠና ነው።

አስካለ፦ ልንገርህ ገሬ። ጡረታ የወጣህ ሰሞን ትዝ ይልሃል? ያን መስኮት ሥር ወንበር አስጠግተህ መንገድ ስታይ ትውል ነበር። መኪና ባለፈ ቁጥር ቀኝ እግርህ ብቻዋን ወለሉን ትጫን ነበር። ፍሬን ስትይዝ። አንተ አታውቀውም፣ እኔ ግን ወጥ እያማሰልኩ አየው ነበር።

ገረመው፦ እንዲህ አደርግ ነበር?

አስካለ፦ ዓመቱን ሙሉ። ስጠይቅህ «ደህና ነኝ» ትላለህ፣ ምሳ ሳቀርብ «እሺ» ትላለህ፣ በቃ። ባል እያለኝ ብቻዬን ነበርኩ። ከዚያ ከሾላ ገበያ ይሄን ቡችላ በኮትህ ይዘህ መጣህ። ያን ማታ ጫማህን ይዞ ሲሮጥ ስትስቅ ሰማሁህ። ድምፅህ ጠፍቶብኝ ስለነበር ማን ነው ብዬ ከጓዳ ወጣሁ።

ገረመው፦ ይሄን ሁሉ ነግረሽኝ አታውቂም።

አስካለ፦ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? በል አሁን ተወው፤ ውሻው አልፏል፣ እኔ መስክሬያለሁ።

ገረመው፦ አላለፈም።

አስካለ፦ ምን አልክ?

ገረመው፦ የተባለው «እኔ ስጠራው» ነው። አንቺ ስትጠሪው ነው የተሻገረው።

አስካለ፦ ወይ ፈጣሪ! ጠዋት ሙሉ «አልፏል አልፏል» ስትለኝ ቆይተህ አሁን ዳኛ ልትሆን?

ገረመው፦ እንጨቱን ማሽተት ሌላ ነው። ይሄ ማጭበርበር ነው።

አስካለ፦ እንግዲያው እንካ፣ ሥጋውን ያዝና አንተ ጥራው። በቆሎ እምቢ ቢልህ በዚህ እምቢ አይልህም።

ገረመው፦ በሁዳዴ ሥጋ በእጄ አልነካም።

አስካለ፦ በላስቲኩ ያዘው! እጅህን አስገባበት፣ እንደዚህ… እንደ ጓንት። አሁን አንተ አልነካኸውም፣ ላስቲኩ ነው የነካው።

ገረመው፦ እግዜር ያያል።

አስካለ፦ ያያል፤ ይስቃልም። ጥራው!

ገረመው፦ እሺ። ሾላ! ተመለስ ወደ መጀመሪያው። ቁጭ። አስካለ፣ ፊትሽን አዙሪ፤ አንቺን ካየ ወደ አንቺ ነው የሚሄደው።

አስካለ፦ አዙሬያለሁ። ምን እያደረገ ነው?

ገረመው፦ ላስቲኩን እያየ ነው። ግራ ገብቶታል። ና የኔ ልጅ… ቀስ ብለህ። የፊት እግሮቹን አወጣ።

አስካለ፦ በለው ሆፕ!

ገረመው፦ ዝም በይ! … የኋላውንም አወጣ። እየመጣ ነው። አስካለ፣ እየመጣልኝ ነው። ቆሎ ሲሆን አንድ እርምጃ አይመጣም ነበር። አይዞህ… አይዞህ…

አስካለ፦ ልዙር?

ገረመው፦ እንዳትዞሪ! መሃሉ ጋ ደርሷል። ና… ና እንጂ… ኧረ ተይው፣ ወረደ።

አስካለ፦ ወደቀ?

ገረመው፦ አልወደቀም። በራሱ ወረደ። ቆርጦ አስቦበት ነው የወረደው። ግን አየሽ? መሃል ድረስ መጣልኝ! ለእኔ፣ በእኔ ድምፅ! አሁን ሁለት ሳምንት፣ ቢበዛ ወር ብንጨምርለት…

አስካለ፦ ገሬ።

ገረመው፦ እ?

አስካለ፦ ጡሩምባ ነው። በር ላይ።

ገረመው፦ ሰምቻለሁ። ያንቺ ለገሰ እንደሆነ መንገዱን ሁሉ ነው የሚያስነሳው።

አስካለ፦ ስልኬም እየጮኸ ነው።

ገረመው፦ አንሺውና ይግባ በይው። እኔ ገመዱን ላምጣ።

አስካለ፦ ገመዱን ምን ልታደርግ?

ገረመው፦ እኔ ራሴ ላስረው። ሌላ ሰው ካሰረው ይፈራል። ቃል ቃል ነው፣ አስካለ። በእኔ ምክንያት በወንድምሽ ፊት እንድታፍሪ አልፈልግም። ስንት ጊዜ ደግፎናል።

አስካለ፦ አንተስ?

ገረመው፦ እኔ ደህና ነኝ። እለምደዋለሁ።

አስካለ፦ ምኑን?

ገረመው፦ መስኮቱን።

አስካለ፦ አስቀምጥ ገመዱን። … ሀሎ፣ ለገሰ። አዎ፣ ጡሩምባህን እኔም ሰምቻለሁ፣ ሰፈሩም ሰምቶሃል። ሰንሰለቱን እዚያው መኪናው ላይ ተወውና ባዶ እጅህን ግባ፣ ምሳ እንበላለን። … አላለፈም፣ ለምን እዋሽሃለሁ? መሃል ላይ ነው የቀረው። … አዎ ቃሌ ነበር፤ ዛሬ አጠፍኩት፣ ቀለብላባ በለኝ። … አንተ ለመጋዘንህ ሌላ ውሻ ፈልግ፣ ወንድሜ፤ ይሄኛው ባሌን እየጠበቀልኝ ነው።